ገደል አፋፍ ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያንና የእማዬ ቅምቅማት

ሴፕቴምበር 2፣ ማክሰኞ፣ ማታ

ዛሬም ያ ሳቲን መርፌ አልቀበል አለ። ሰፋሁ፣ ተረተርኩ፣ እንደገና ሰፋሁ። የምሠራበት የደንዉዲው የሙሽራ ቀሚስ ሱቅ ኤሲ ተበላሽቷል። ካውያው እንፋሎት ይተፋል፣ የሙሽሮቹ ሽቶ ከላባችን ጋር ተደባልቆ ያቅለሸልሻል። አለቃዬ መስኮት አይከፈትም ትላለች፣ አቧራ ቀሚሶቹን ይነካቸዋል። እኛ ብንታፈን ግድ የላትም።

ከሰዓት ሊዲያ ለፊቲንግ መጣች። እዚሁ አትላንታ ያደገች የሐበሻ ልጅ፣ ጠበቃ። ሰርጓ ኦክቶበር ላይ ነው፣ ግን እዚህ አይደለም፤ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ባለች ደሴት ነው። ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አመጣችው። አሮጌ ነጭ ቤ/ክ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ ከታች ባሕር። ዘንድሮ ፋሽን ሆኗል፤ እዚያ ቆሞ ያልተነሳ ሙሽራ የለም። ኢዝንት ኢት ክሬዚ፣ ዘሀራ? ትለኛለች። እናቴ ብትሰማት፣ ልጄን በባዶ ስሟ ትጠራታለች ብላ በተቀየመች ነበር። አፌ እስፒል ይዟል። እንኳን ያዘ።

ያንን ቤ/ክ አውቀዋለሁ። ሄጄ አይደለም። ወንድሜ ሰ. የተቀበረው እዚያ ነው፣ ከጀርባው።

ተንበርክኬ የቀሚሷን ጠርዝ ስለካ ታሪኩን ታወራልኛለች። ድሮ፣ መርከበኞች ማዕበል ይዟቸው፣ ከዳንን ቤትህን እንሠራለን ብለው ተስለው ነበር። ዳኑ። ድንጋዩን በጀርባቸው ተሸክመው ገደሉን ወጥተው ሠሩት። ባሕሩ ሰው የመለሰበት ቦታ ነው፣ ሶ ሮማንቲክ፣ አለች። ወገቧ ላይ እስፒል ሰካሁ። ትንሽ ወጋኋት፣ ይቅርታ አልኩ። ሆን ብዬ አልነበረም፤ ግን ደስ ብሎኛል።

የደሴቲቱን ስም እዚህ አልጽፈውም። እጄ ይጠየፈዋል።

ሴፕቴምበር 4፣ ሐሙስ

ደብተሬ፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? እማዬ ከኔ ጋር ናት፣ እዚሁ ክላርክስተን፣ አንድ አፓርትመንት ውስጥ። ፊደል አትለይም። ስለዚህ አልደብቅሽም፤ ጠረጴዛ ላይ ተከፍተሽ ትውያለሽ፣ የሻይ ብርጭቆዋን ታስቀምጥብሻለች። የልጇን ሞት ብርጭቆ ማስቀመጫ አድርጋዋለች፣ ሳታውቀው።

አዎ፣ መሞቱን አታውቅም። ሰ. ከሊቢያ በጀልባ ተነስቶ ነበር። አብሮት የነበረ የኮምቦልቻ ልጅ ተረፈ፤ እሱ ነው ለአጎቴ ለጋሼ ሁሴን የደወለው። የቤ/ክኑ ሽማግሌ ቄስ ባሕሩ የተፋቸውን እየሰበሰቡ ከጀርባ ይቀብሩ ነበር አለ። ከተረፉት ስም እየጠየቁ ሳንቃ ላይ በቀለም ይጽፋሉ። እስላም ነው ከተባሉ መስቀል አያደርጉም፣ ስም ብቻ ነው። ቄሱ አሁን በሕይወት የሉም። የኮምቦልቻው ልጅ ፎቶ ላከልን። ሳንቃው ላይ የወንድሜ ስም በፈረንጅ ፊደል፣ ተንጋዶ።

ጋሼ ሁሴን ያኔ መርዶው ይቆይ አለ። እማዬ ግፊት አለባት፣ አሜሪካ ትድረስ። ደረሰች። ትልመድ ተባለ። ከዚያ ረመዳን ይለፍ። ከዚያ የዓይኗ ኦፕሬሽን። ለመርዶ የሚመች ቀን ጠፋ፣ ወላሂ። እሷ ልጇ ጣሊያን አገር ገበሬ ቤት ተቀጥሮ፣ ወረቀት ስለሌለው ስልክ እንደማይዝ ነው የምታውቀው። ይሄን ውሸት ጋሼ ሁሴን ፈጠረው፣ እኔ ሞላሁት። ለኢድ ደግሞ ከቅናሽ ሱቅ አረንጓዴ ሻሽ ገዝቶ፣ ሰ. ላከልሽ ብሎ ሰጣት። ሳመችው። ትለብሰዋለች። አጥባ ስታሰጣው ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።

ሴፕቴምበር 8፣ ሰኞ፣ ከሥራ መልስ

ሊዲያ ተመልሳ መጣች። አዲስ ሥራ ይዛ።

ሰርጉን የምታሰናዳላት ሴትዮ ከደሴቲቱ ፎቶ ልካላታለች። እንግዶቹ ሻምፓኝ ይዘው የሚቆሙት ከቤ/ክኑ ጀርባ ነው። እዚያ ዝቅ ያለ የእንጨት አጥር አለ፣ ከአጥሩ ወዲያ ሳንቃዎች። እና ይሸፈን ተብሏል። ረጅም ነጭ የሊነን ጨርቅ፣ አጥሩ ላይ የሚንጠለጠል፣ የተረፈው ሳንቃዎቹ ላይ የሚዘረጋ። ነፋስ እንዳያነሳው ጠርዙ ሰፋ ተደርጎ ይቀምቀም። አንቺ ብትሠሪው ደስ ይለኛል፣ ያገሬ ሰው እጅ ያረፈበት ይሆናል አለችኝ። መቃብር መሆኑን ታውቃለች። ላይክ፣ ሪስፔክት አለኝ፣ ግን ፎቶ ላይ ክሪፒ ነው።

እሺ አልኩ።

ለምን እንዳልኩ ልንገርሽ። አለቃዬ አጠገቤ ቆማ ነበር፣ እሱ አንድ ነው። ሌላው ፎቶውን ፈልጌ ነው። ለልኩ እንዲመቸኝ ላኪልኝ አልኳት፣ ላከችልኝ። ሽንት ቤት ገብቼ በጣቴ አጎላሁት። የሰ. ሳንቃ አለ። ቀለሙ ለቋል፣ ወደ አጥሩ ዘመም ብሏል። ሥሩ የሆነ ሰው የፕላስቲክ ብርጭቆ ትቶ ሄዷል፣ ውስጡ የሲጋራ ቁራጭ። እጄን ታጠብኩ። ብርጭቆውን የነካሁት ይመስል እንደገና ታጠብኩ።

ሴፕቴምበር 10፣ ረቡዕ

ጨርቁ መጣ፣ ሙሉ ጣቃ። ሱቅ ውስጥ የሚዘረጋበት ቦታ የለም፣ አለቃዬ ቤትሽ ውሰጂው አለች። ጫንኩት። ፓርክ አድርጌ እንደ ሰው ታቅፌው ደረጃ ወጣሁ።

እማዬ በር ከፈተችልኝ። ዳበሰችው። አቡጀዲ ይመስላል አለች፣ እንዲያውም ከአቡጀዲ ይሻላል፣ ለምንድነው? ለሰርግ ነው አልኩ። አቡጀዲ የሚገዛው ለከፈን፣ ለሬሳ እንደሆነ እኔም እሷም እናውቃለን፤ እሷ ግን ሰርግ ስትሰማ ፊቷ በራ። ለማን? ለሐበሻ ልጅ። ማሻአላህ አለች፣ አምጪው እኔ ልቀምቅመው።

እንቢ አልኩ። በስፌት መኪና እሰፋዋለሁ አልኩ። አልሰማችኝም። ደሴ ላይ በቅምቅማት የታወቀች ሴት ናት፤ ዓይኗ ላይ ሞራ ከወጣ ወዲህ መርፌ ይዛ አታውቅም ነበር። ኦፕሬሽኑ ከተሠራላት ጀምሮ የምትሠራው ነገር ፈልጋ ትቅበዘበዛለች። ቀኑን ሙሉ ፓርኪንጉን እያየሁ ልሙት እንዴ፣ ትለኛለች። መርፌውን ቀማችኝ። ክሩን በመጀመሪያ ሙከራ አሳለፈችው፣ እንደ ልጅ ሳቀች።

ተውኳት። የወለደችውን የሚሸፍን ጨርቅ ስትቀመቅም ቁጭ ብዬ አየሁ። ራሴን ተጸየፍኩ፣ ሌላ ቃል የለኝም።

ሴፕቴምበር 13፣ ቅዳሜ

አንደኛው ጠርዝ አለቀ። ስፌቱ አይታይም፣ በጣትሽ ካልዳበስሽው አታገኚውም። በየመሃሉ ሙሽራዋን ትመርቃለች። አላህ ያግራላት፣ ቤቷን ያሙቀው፣ ወልዳ ትሳም። ከዚያ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የኔንም ልጅ እንዲሁ ከሰው አገር አውጥተህ ዳርልኝ፣ ትላለች።

ቆሻሻ ልጣል ብዬ ወጣሁ። ቆሻሻ የለኝም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ፣ ሞተር ሳላስነሳ። የጎረቤቶቹ ልጆች ኳስ የመኪናዬ በር ላይ ይለጋሉ። ጎረቤት የምታበስለው ሽንኩርት ይሸተኛል። ሁሉም ነገር ያስጠላል ዛሬ። የራሴ እጅ ሽታ ሳይቀር፣ የአዲስ ጨርቅ ሽታ።

ለሊዲያ እነግራታለሁ። ሰው ናት፣ ሲነገራት ይገባታል። ጨርቁን ተይው ትለኛለች፣ ያልቃል።

ሴፕቴምበር 16፣ ማክሰኞ፣ ማታ

ነገርኳት።

ደብተሬ፣ ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ክፉ ሰው ይሰደባል። ይቺ አለቀሰች። የመጨረሻው ፊቲንግ ላይ፣ ቀሚሱን እንደለበሰች አቀፈችኝ፣ ማስካራዋ ትከሻዬ ላይ ፈሰሰ። ኦ ማይ ጋድ ዘሀራ፣ አይ ሃድ ኖ አይዲያ። እኔም ሞኟ አብሬ አለቀስኩ። ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገችና ሐሳብ መጣላት።

ጨርቁን ካንስል አታደርግም። እንዲያውም። እንግዶቹ ሲመጡ ተሸፍኖ ይቆያል፤ ከቃል ኪዳኑ በኋላ ሙዚቃው ይቆምና፣ ጨርቁ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ለእነሱ የአንድ ደቂቃ ዝምታ ይደረጋል። ቪዲዮግራፈሩ በድሮን ከላይ ያነሳዋል። የሰ. ፎቶ አለሽ ወይ? አለችኝ። እናትሽ በቪዲዮ የሆነ ነገር ብትልስ፣ ምርቃት ነገር፣ በአማርኛ፣ እኛ ከሥር እንጽፈዋለን። ኢት ዉድ ሚን ሶ መች።

አይሆንም አልኩ። እናቴ አታውቅም፣ መርዶ አልተነገራትም አልኩ። መርዶ ምን እንደሆነ አስረዳኋት። በጠዋት ሰዎች ይመጣሉ፣ ሰው ይዟት ነው የሚነገራት አልኩ። ዓይኗ እንደገና እንባ ሞላ። ዛት ኢዝ ሶ ቢዩቲፉል አለች።

ቢዩቲፉል! ወንድሜን ከአበባው፣ ከኬኩ፣ ከመብራቱ ጋር አሰለፈችው። መጀመሪያ ስትሸፍነው ክሪፒ ነበር። አሁን ስትገልጠው ቢዩቲፉል ሆነ። የምጠላውን መምረጥ አቃተኝ። ትከሻዬን በሳሙና ፈተግኩ፣ ማስካራው አልለቀቀም፣ ሸሚዙን ጣልኩት።

ሴፕቴምበር 17፣ ረቡዕ

ፖስት አድርጋዋለች። ስም የለበትም። ቀሚሴን የምትሰፋልኝ ሴት ወንድም የተቀበረው እኔ በማገባበት ቤ/ክ ነው፣ ብላ፣ ከቤ/ክኑ ፎቶ ጋር። ልብ በልብ ሆኗል። ከሥሩ ግማሹ አስተያየት በአማርኛ ነው።

ገና ጠዋት፣ ወደ ሥራ ስወጣ፣ ክላርክስተን ባለው ሱቅ በዓይን ብቻ የማውቃት አንዲት ሴት ያዘችኝ። ደንዉዲ ሙሽራ ቀሚስ የምትሰፊው አንቺ ነሽ አይደል? እማማስ ደህና ናቸው? አለችኝ። እማማን አስረዝማ። ዓይኗ ፊቴ ላይ ይርመሰመሳል። ዛሬ እኔን ያዘች፣ ነገ እማዬን ትይዛለች። የልጇን ሞት ከአትክልት መደርደሪያው አጠገብ ልትሰማ ነው፣ ሽንኩርት ይዛ።

ከሥራ ቀጥታ ስኮትዴል፣ ጋሼ ሁሴን ቤት። ሶፋው ላይ ተዘርግቷል፣ ቴምር ይበላል። የዓይኗ ቼክአፕ በሚቀጥለው ወር ነው፣ እሱ ይለፍ፣ ግፊቷ ከፍ ካለ ዓይኗ ይጠፋል አለኝ። ዶክተሩ ነግሮት እንደሆነ ጠየቅኩት። ሌላ ቴምር አነሳ። ሰውዬው ስለ እማዬ አይደለም የሚፈራው። ፊቷን ነው የሚፈራው። እኔስ ምን ፈርቼ ነበር እስካሁን?

አልጮህኩም። ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ሰው ይዘው ይምጡ፣ ካልመጡ ብቻዬን እነግራታለሁ አልኩት። የቴምሩን ፍሬ እጁ ላይ ተፋ፣ አየው፣ እሺ አለ።

ሴፕቴምበር 19፣ ዓርብ

የመጨረሻው ጠርዝ ላይ ናት። ደክሟታል ግን አትተወውም፣ የጁምዓ ቀን በረካ አለው ትላለች። አረንጓዴው ሻሽ ራሷ ላይ ነው።

የሙሽራዋን ስም ጠየቀችኝ፣ በስሟ ዱዓ ልታደርግ። ሊዲያ አልኩ። ሊዲያ፣ ሊዲያ፣ አለች፣ ምላሷን እያለማመደች። ከዚያ ጨርቁን ጉልበቷ ላይ አስተካክላ፣ ይሄ የምትዳርበት አገር ከጣሊያን ይርቃል? አለችኝ። ብዙም አይርቅም አልኩ። ታዲያ ሰው ብትልክለት ምናለ፣ ወንድምሽ ሄዶ ሰርጉን ቢበላ፣ እዚያ ሐበሻ አያገኝ ይሆናል፣ አለች።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ አስመለስኩ። ውሃውን ከፍቼ ነው፣ እንዳትሰማ።

ነገ ነው። ለጎረቤቴ ለመዲና ነግሬያለሁ፣ በግራ በኩል ትይዛታለች። ቁርስ ቀድማ እንድትቀምስ አደርጋለሁ። እንዲህ ነው የሚደረገው፤ ባዶ ሆድ መርዶ አይነገርም።

ሴፕቴምበር 20፣ ቅዳሜ፣ ቤቱ ሰው እንደሞላ

ወጥ ቤት ነኝ። አጭር።

ቁርሱን አልቀመሰችም። መስገጃዋን ሳታጥፍ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ሁሴን፣ ከመስጊድ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከኋላ መዲና። እማዬ አየቻቸው። ማንም አፉን ሳይከፍት፣ ደሴ የቀሩትንም አስባ፣ የትኛው ልጄ ነው? አለች። ቁጭ ይበሉ እንጂ እትዬ አሏት። የትኛው ልጄ ነው ነው የምላችሁ።

ሰ. ነው ተባለ። ኢና ሊላሂ አለች። አልጮኸችም። መዲና ናት የጮኸችው። ሽማግሌው ባሕር የወሰደው ሸሂድ ነው፣ ሰማዕት ነው፣ እትዬ፣ አይዘኑ አሏት። ሰማች። መቼ? ብላ ጠየቀች። ጋሼ ሁሴን፣ በቅርቡ፣ ሰሞኑን፣ ማለት ጀመረ። እዚህም ሊዋሽ! አቋረጥኩት። አንቺ እዚህ ሳትመጪ ነው እማዬ፣ ዓመታት ሆኖታል አልኩ።

 እማዬ እጇን አንስታ ራሷ ላይ ያለውን ሻሽ ዳበሰች። ይሄንንስ ማን ገዛው? አለች።

ሻሹን ፈታችው። ቀስ ብላ አጣጥፋ ጋሼ ሁሴን ጉልበት ላይ አኖረችው። እኔ በሕይወቴ እንደዛ አፍሬ አላውቅም። እሱም። አንገቱን ደፍቶ ሻሹን በሁለት እጁ ይዞ ቀረ፣ እስካሁንም ይዞታል፣ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል።

ከዚያ የት ነው ያለው አለች። ፎቶውን አሳየኋት፣ ድሮ የኮምቦልቻው ልጅ የላከውን። ቄሱ እንደቀበሩት ነገርኳት። አላህ ይስጣቸው አለች። ያጠበው ማነው፣ የከፈነውስ? አላውቅም አልኩ። ያቺ አዲሷ ዓይኗ ዞር ዞር ብላ፣ ሶፋው ጥግ ላይ ታጥፎ ያለው ነጭ ጨርቅ ላይ አረፈች። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ነጭ ስለሆነ ብቻ።

ነገርኳት። የሱን ግማሽ ነግሬ ግማሹን ልዋሽ? ይሄ ጨርቅ ለዚያ ነው አልኳት፣ መቃብሩን ከሙሽሮቹ ለመሸፈን ነው፣ አንቺ ስትቀመቅሚው ዝም አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ። የምትሰድበኝ መሰለኝ፣ ብትሰድበኝ በወደድኩ። ሁላችሁም ውጡልኝ አለች።

ሴፕቴምበር 21፣ እሑድ

ሌሊቱን ብቻዋን አነባች። በሩን ዘግታ። ዛሬ ቤቱ እንደገና በለቀስተኛ ተሞላ፣ ሴቶቹ ትሪ ይዘው ይመጣሉ፣ እሷ ከክፍሏ አልወጣችም።

ለሊዲያ ሜሴጅ ጻፍኩ። ጨርቁን አላስረክብም፣ ዋጋውን እከፍልሻለሁ፣ የወንድሜን ነገር ከገጽሽ አውርጂ። የተሰበረ ልብ ላከችልኝ፣ ቀዩን፣ መሃሉ የተሰነጠቀውን። ቁጥሯን ብሎክ አደረግኩ። አለቃዬ ነገ ታባርረኝ ይሆናል፣ ታባርረኝ።

ከዙህር ሶላት በኋላ እማዬ ጠራችኝ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፣ ጨርቁ ጉልበቷ ላይ። ትንሿን መቀስ አምጪ አለች። ሰጠኋት። ያንን የማይታይ ስፌቷን በጥፍሯ ፈልጋ አገኘችውና ጫፉን ቆረጠችው። መተርተር ጀመረች። ሁሉንም ነው የምትተረትሪው? አልኳት። ከፈን አይሰፋም አለች፣ ደረቅ አድርጋ፣ ይሄን እንኳ ረሳሽ?

አጎንብሳ ትሠራለች። ከፈን አላገኘ እንደሆነ በምን አውቃለሁ አለች፤ አንቺ ሄደሽ አልብሽው፣ ሰዎቹ ሻምፓኛቸውን ሳይይዙ በፊት፣ ያለ ስፌት፣ አፈር ላይ። ከዚያ ንፋሱ ይውሰደው፣ ግድ የለኝም። ብርጭቆውንም አንሺ አለችኝ። ሁለተኛውንም ፎቶ፣ ሊዲያ የላከችልኝን፣ አይታዋለች ማለት ነው። መቼ እንዳየችው አልጠየቅኩም።

እሄዳለሁ። ከሰርጉ በፊት። ትኬቱን ዛሬ ማታ አያለሁ።

ደብተሬ፣ ስሙን እስከ ዛሬ በአንድ ፊደል ስጽፈው የኖርኩት እማዬ ታነባለች ብዬ አልነበረም፤ ሙሉውን ከጻፍኩት መሞቱን ያመንኩ መስሎኝ ነው። ሰይድ አሊ። ይኸው። ሰይድ አሊ፣ የፋጡማ ልጅ።

ትጠራኛለች። ጨርቁ ረጅም ነው፣ ከወዲያኛው ጫፍ ጀምሪልኝ፣ ክሩን አትበጥሺው ሳቢው እያለች ነው። እሺ እማዬ መጣሁ፣ አሁን መጣሁ።